የሰባት ሰው ጥልቀት

አዳማ፣ ኅዳር 6 ቀን 1925 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርዳሳ
አዲስ አበባ

እንደምን ሰንብተሃል? እኔም ሳፊያም ልጆቹም አላህ ይመስገን ደኅና ነን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ዝም ያልኩህ ንቄህ አይደለም፤ የአቦምሳ ቡና ገብቶ ከሚዛን ሥር ቀና ማለት አቅቶኝ ነውና ይቅር በለኝ።

የሰማኸው ወሬ እውነት ነው። ከአዳማ እስከ አቦምሳ ዕቃ በጭነት መኪና የማመላለሱ ወኪልነት ለእኔ ተሰጥቶኛል። ሁለት ካሚዮን በጥር ወር በባቡር ይመጣልኛል። ለሳፊያ ስነግራት፣ "በቅሎ እንኳ ሲደክማት ትተኛለች፤ ይኼ ሲደክመው ምን ያደርጋል?" አለችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ከበቅሎ ጭራ ኋላ የሄደ ባል ያላት ሴት ናትና አልፈርድባትም።

ወኪልነቱን የሰጠኝ ፈረንጅ ሙሴ ፔርሎ ይባላል። አገርህ የት ነው ሲሉት፣ "የንግድ አገር" እያለ ይስቃል። ድርጅቱ በቆላው በኩል የነፋስ ስልክ ምሰሶ ለማቆም ከመንግሥት ፈቃድ ይለምናል። ያ ያለ ሽቦ ወሬ የሚልክ መሣሪያ ነገሩ አሁንም አይገባኝም። አንተ ስልክ ቤት ስለምትሠራ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ ባላንጣ የሆኑ ሁለት መንግሥታት ሥራውን እኔ ልያዝ እኔ ልያዝ እያሉ ደጅ እንደሚጠኑም አንተው ነህ የነገርከኝ።

ለምን አንተን መረጠ ላልከኝ፣ አገሩን ስለማውቅ ነው። መንገዱንና ማረፊያውን ነገርኩት። ነጋዴ ሌላ ምን አለው?

ታላቅ ወንድምህን ኦቦ ወዬሳን በገበያ አገኘኋቸው፤ ደኅና ናቸው። "ታናሼን የሽቦ ወሬ በላው፤ ለጥምቀት ካልመጣ እኔው ሄጄ ሽቦውን እቆርጠዋለሁ በለው" ብለውሃል።

ወንድምህ ሽኩር አብዱናሲር

(በመዝገቤ፣ ከግልባጩ ሥር።) የምልከውን ደብዳቤ ሁሉ እዚህ መዝገብ ላይ እገለብጣለሁ፤ ሳልናገር የተውኩትንም ከሥሩ እጽፋለሁ። ዛሬ የተውኩት ይህን ነው። ለፔርሎ ከመንገዱ ሌላ ከአዋሽ ማዶ ያሉትን የአሥራ አንድ ጉድጓዶች ዝርዝር ሰጥቼዋለሁ። የት እንዳሉ፣ ስንት ሰው እንደሚጠልቁ፣ በቀን ስንት በቅሎ እንደሚያጠጡ።

በዚያ ቆላ የጉድጓድ ጥልቀት የሚቆጠረው በሰው ነው። ሰዎቹ በግድግዳው በተፈለፈለው ደረጃ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው ውሃውን በቆዳ መቅጃ ይቀባበሉታል። ለእንግዳ ውሃ ያመጡለታል እንጂ ጉድጓዱ አፍ ላይ አያቀርቡትም። ስንት ሰው እንደሚወርድ የሚያውቀው በሰንሰለቱ የቆመ ብቻ ነው። በ1918 ድርቅ በቅሎዎቼ ሲያልቁ ከተቀባዮቹ አንዱ በንዳድ ወደቀ፤ የጉድጓዱ ባለቤት ኦቦ ወዬሳ አየት አደረጉኝና "ግባ" አሉኝ። ከእሳቸው ሥር ቆምኩ። የእሳቸው ጉድጓድ ሰባት ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ "ኢልማ ኮ"፣ ልጄ፣ ነው የሚሉኝ።

ፔርሎ ራሱ በመኪና ሄዶ ሞክሮ ነበር። ለመኪናው ውሃ ሰጡት፤ ጉድጓዱን አላሳዩትም። ስለዚህ ወደ እኔ መጣ። "በቀን ስንት በቅሎ?" ሲለኝ ብዕሬ ቆመ። ምሰሶ በቅሎ የለውም። እኔ ከየት እንደ መጣ ሳልጠይቅ አንድ ቆዳ እንኳ ገዝቼ የማላውቅ ሰው፣ ያን ቀን "ለምን ፈለግኸው?" አላልኩም። ቢነግረኝ ኖሮ እምቢ ማለት ይኖርብኝ ነበር።

———

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1925 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሽኩር አብዱናሲር

ሰላምታዬ አጭር ነውና አትቀየመኝ። በስልክ ለምን ዝርዝሩን አልነገርከኝም ብለህ ልከህብኛል። በዚያ ሽቦ ላይ ስንት ጆሮ እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው።

ጋሼ ወዬሳን በእግር ብረት አድርገው ወደዚህ አምጥተዋቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። አዋሽ ጣቢያ ላይ የአንድ ፈረንጅ ሻንጣ ሲፈተሽ በጽሕፈት መኪና የተመታ ወረቀት ወጣ። የእኛ አገር ጉድጓዶች ተዘርዝረውበታል። ፈረንጁ "የሰው አደራ ነው፤ አላውቀውም" አለ፤ ቆንስሉ መጥቶ አስለቀቀው፤ በማግስቱ ባቡር ወደ ባሕር ወረደ። ወረቀቱ እዚህ ቀርቷል፤ ሌላ ቅጂ የለም ብሎ የሚያምን ግን የለም። አንድ ትልቅ ሹም ወረቀቱን ሲያዩ፣ "የነፋስ ስልክ ውሃ አይጠጣም፤ ውሃ የሚጠጣ ጦር ነው" አሉ ይባላል።

ከዚያም ጥልቀቱን ከጉድጓዱ ባለቤት በቀር ማን ያውቃል ተባለ። ምርመራውን የጻፈው ጓደኛዬ ነው፤ ቃል በቃል ነግሮኛል።

"ሰባት ሰው የሚለው ልክ ነው?"

"ልክ ነው።"

"አንተ ነህ የነገርከው?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያስ ማን ነው?"

 ሦስት ቀን ጠየቋቸው፤ ሦስት ቀን ዝም አሉ። ያሳሰራቸው ይኸው ዝምታቸው ነው። ጉዳዩ ከአገር ክህደት ጋር ነው የተያዘው፤ ፍርዱ ምን እንደሚሆን ልጽፈው አልፈልግም።

ሽኩር፣ አዳማ የሚገባውንና የሚወጣውን እንዳንተ የሚያውቅ የለም። ይህን ያደረገውን ሰው ፈልግልኝ። እኔ ከዚህ ሆኜ ምንም ማድረግ አልችልም፤ ተስፋዬ አንተ ነህ።

ወንድምህ መርዳሳ

———

አዳማ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1925 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርዳሳ

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። ምን ብዬ እንደማጽናናህ አላውቅም። በዚህ ባቡር በሶ፣ በቅል ያለ ቅቤና አንድ ወፍራም ጋቢ ልኬያለሁ። ከእኔ መሆኑን ለኦቦ ወዬሳ አትንገራቸው፤ ከራስህ አስመስለው።

ስለ ሰውየው እየጠየቅሁ ነው። የየመኑን ባለሱቅ፣ ጣቢያው አጠገብ ያለውን ግሪክ፣ የሞጆ ቆዳ ነጋዴዎችን ጠይቄአለሁ። ፍንጭ የሰጠኝ የለም።

ስለ ቤተሰቡ ታስብ ይሆናል። አዴ ቡዜ ባለፈው ገበያ ወደ ሱቄ መጥተው ነበር። ወንበር ባቀርብላቸው አልቀመጥም ብለው ቆሙ።

"ሽኩር፣ አንተ ፈረንጅ ታውቃለህ፤ ሹም ታውቃለህ፤ ባቡር ታውቃለህ። ባሌን ያሳሰረውን ሰው አታውቅም?"

"እየፈለግሁት ነው፣ አዴ ቡዜ።"

"ፈልገው። ስታገኘው ግን እንዳትመታው። ወደ እኔ አምጣው። 'ውሃ ጠምቶህ ነበር ወይ? ለምን አልጠየቅኸንም?' ብዬ ብቻ ነው የምጠይቀው።"

ከብቶቹን ወንድማቸው ይዞላቸዋል፤ የውሃውም ተራ አልተጓደለም። ሌላ የምጽፈው የለኝም። አይዞህ።

ሽኩር

(በመዝገቤ፣ ከግልባጩ ሥር።) ሻንጣው የተፈተሸው ፈረንጅ የፔርሎ መልእክተኛ ነው፤ ፔርሎ ራሱ እዚሁ አለ። ነገሩን ቀዝቀዝ ብዬ አሰብኩት። ብናገር እታሰራለሁ፤ ምናልባትም እሰቀላለሁ፤ ሳፊያና ልጆቹ የከዳተኛ ቤት ይባላሉ። ባልናገር ሽማግሌው ምስክር ስለማይገኝባቸው በወር በሁለት ወር ይለቀቃሉ። አስተሳሰቡ ስህተት የለበትም። ያን ያሰብኩት ግን ቡዜ ከመምጣታቸው በፊት ነበር። እሳቸው ከወጡ በኋላ አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ጨው ብሎ ጠየቀኝ፤ በሦስተኛው ጊዜ ነው የሰማሁት።

———

አዳማ፣ ጥር 22 ቀን 1925 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርዳሳ

እንደምን አለህ? ጥምቀትን በእስር ቤት በር እንደ ዋልክ ሰማሁ። አንጀቴን በላኝ።

ዋስ ስለ መሆኑ ነገር፣ አንተ ሳትጠይቀኝ ሞክሬዋለሁ። ሱቄንም ቤቴንም አስይዤ እኔ ልዋሳቸው ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ፣ "አንተ ደግ ሰው ነህ" አለኝ፤ "ነገር ግን ይህ የአገር ጥበቃ ጉዳይ ነው፤ ዋስ የለውም።"

ካሚዮኖቹ ገብተዋል። ሕዝቡ ጣቢያው ድረስ ወጥቶ እልል አለ። እኔ ግን ራሴን አሞኝ ቤት ዋልኩ።

ከወገን ውጭ በሰንሰለቱ የቆመ ነጋዴ ማን ማን ነው ብለሃል። እኔ መቆሜን ታውቃለህ። ከእኔ ሌላ የሞጆው ሰንበታ ቆሟል። ነፍሱን ይማረውና ሰንበታ መጠጥ ይወድ እንደ ነበር አንተም አትክድም። ሰው ሲጠጣ ያወራል፤ ያወራውን ደግሞ ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ሰው ልወቅስ ብዬ አይደለም። ስለ ጠየቅኸኝ ብቻ ነው።

ሽኩር

(በመዝገቤ፣ ከግልባጩ ሥር።) የሞተ ሰው አይታሰርም፤ ስለዚህ የጎዳሁት ሰው የለም ብዬ ነበር። ከጻፍኩት በኋላ ሰንበታ ትዝ አለኝ። ሲጠጣ ይዘፍን ነበር እንጂ አያወራም ነበር። ዛሬ በራሴ እጅ በሕይወት ያለውን አሥሬ የሞተውን ሰደብኩ። ደብዳቤውን ለማስመለስ ወደ ጣቢያ ሄድኩ፤ ባቡሩ ተነሥቶ ነበር። ቀደም ብዬ ልደርስ እችል ነበር፤ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት።

———

አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 1925 ዓ.ም.

ሽኩር ሆይ፣

ወረቀቱን አየሁት። በፈረንሳይኛ ስለሆነ እንድተረጉመው ለእኔ ሰጡኝ። የማን ወንድም መሆኔን ያወቀ የለም፤ ወይም አውቀው ፊቴን ሊያዩ ፈልገው ይሆናል።

አሥራ አንደኛው መስመር "አዲሱ ጉድጓድ፣ አምስት ሰው፣ በቀን ስልሳ በቅሎ" ይላል። ሰንበታ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ መቃብሩ ላይ ቆሜ ነበር። አዲሱን ጉድጓድ ግን የቆፈርነው አምና መስከረም ላይ ነው። የመጀመሪያው ውሃ የወጣ ቀን ከዘመድ ሌላ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሬ እየነዳ መጥቶ፣ እኔም ከወንድሞቼ ጋር ልቁም ብሎ ልብሱን አውልቆ ገባ። ያኔ ጋሼ ሲስቁ የነበረው ሳቅ እስካሁን ይሰማኛል።

ትናንት ጋሼን ጠየቅኋቸው።

"ያውቁታል አይደል?"

"ከያዙኝ ቀን ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አይናገሩም?"

"ከሥሬ ቆሞ ያውቃል። ከላይ ያለው እጁን ከለቀቀ መቅጃው የሚወድቀው ከሥር ባለው ላይ ነው።"

"እሱ ግን ለቆብዎታል!"

"እሱ ለቀቀ ብዬ እኔም ልልቀቅ? እንዲህማ ከሆነ ማን ውሃ ይጠጣል?" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ካሚዮኑስ ገባለት?" አሉ። ለቀልድ አልነበረም። እውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው።

ስም እንዳልጠራ አስምለውኛል፤ አልጠራም። ከአንተም ምንም አልጠይቅም። ጋቢውን ግን መልሼ ልኬዋለሁ። ጋሼ እንዳይበርዳቸው የራሴን ሰጥቻቸዋለሁ።

መርዳሳ

———

አዳማ፣ የካቲት 19 ቀን 1925 ዓ.ም.

መርዳሳ፣

እኔ ነኝ።

ሰላምታ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እንደምን አለህ ብዬ የመጠየቅ ፊት የለኝም። ፔርሎ ጠየቀኝ፤ ጻፍኩለት፤ እሱ ወደ ቋንቋው መልሶ በመኪና መታው። ያስገደደኝ የለም። አላወቅሁም ብዬ ብናገር አንዳንድ ሰው ያምነኝ ይሆናል፤ አንተ ግን አትመነኝ። በቅሎ ሲቆጥር ገብቶኛል። ገብቶኝም፣ እኔ ባልነግረው ሌላው ይነግረዋል፣ ወኪልነቱም ለሌላው ይሆናል አልኩ። ይህን ሐሳብ በንግድ ዘመኔ ሁሉ እንደ ብልህነት ስቆጥረው ኖሬአለሁ።

ስለ ሰንበታ የጻፍኩት ውሸት ነው። አውቄ ነው የዋሸሁት።

ለሳፊያ ዛሬ ነገርኳት። ስድብ ጠብቄ ነበር። "ቡዜ እዚህ ቆመው ሲጠይቁህ እኔ መጋረጃው ኋላ ነበርኩ። የዚያን ዕለት ድምፅህን ሰምቼ አውቄዋለሁ፤ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ገብታ የመንገድ ልብሴን አወጣች።

ነገ በባቡር እመጣለሁ። ወደ አንተ ቤት አልመጣም። በቀጥታ ያ ወረቀት ወደ ተያዘበት መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ፤ የሹሙን ስም ጸሐፊው ነግሮኛል። የጻፍኩበትን የመዝገብ ገጽ ቆርጬ ይዣለሁ፤ ቃሌን ቢጠራጠሩ የእጄ ጽሑፍ ይመሰክራል። ኦቦ ወዬሳ ሲፈቱ እኔን ፍለጋ ዓይናቸው እንዳይንከራተት ንገራቸው፤ እኔ በእሳቸው ቦታ እሆናለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅህም። መጀመሪያ ሥራው ይሠራ።

ሽኩር

———

አዳማ፣ መጋቢት 8 ቀን 1925 ዓ.ም.

መርዳሳ፣

የጻፍክልኝ ቃል ይገባኛል። "ልትታሰር መጥተህ በመኪናህ ስትሄድ የታየኸው ምን ብለህ ነው? ወንድሜስ አሁንም በብረት ያለው ለምንድን ነው?" ብለሃል። ወሬው እውነት ነው፤ እቤቴ ነኝ። እንዳልነግርህ ታዝዣለሁ፤ ቢሆንም እነግርሃለሁ። ይህን ወረቀት ሳፊያ በእጇ የምታመጣልህ ለዚህ ነው።

ለሹሙ ሁሉንም ተናገርኩ። ገጹን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ስማ፣ ነጋዴ" አሉኝ። "ፔርሎን የላኩት እነዚያ አውሮፕላን አላቸው። የነፋስ ስልክ አላቸው፤ ከባሕር እስከ ወሰናችን በአንድ ቅጽበት ይነጋገራሉ። እኛ ጠመንጃ እንኳ እንዳንገዛ ወደቡን ይዘውብናል። በእጃችን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ አገሩን አያውቁትም። አንተ ያችኑ ሰጠሃቸው።"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"አሁን ብሰቅልህ ምን አተርፋለሁ? አንተ ነጋዴ ነህ፤ ንገረኝ።"

"ምንም አያተርፉም።"

"ፔርሎ አሁንም ያምንሃል?"

"ያምነኛል። በኦቦ ወዬሳ መታሰር ተደስቷል፤ በእኔ ላይ ጥርጣሬ እንደሌለ ያየው በዚያ ነው።"

ይህን ስናገር ምን እንደ ተናገርኩ የገባኝ የሹሙ ፊት ሲለወጥ ነው። ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ።

"እንግዲያስ በሽማግሌው ላይ እንደ ተፈረደ ይቆጠር። ለፋሲካ በምሕረት ይለቀቃሉ፤ ወንጀላቸው ግን አይሰረዝም። አንተ ወኪልነትህን ይዘህ ትቀመጣለህ። ለፔርሎ የሚሄደውን ዝርዝር ከዛሬ ወዲያ እኔ የምልህን ትጽፋለህ። ያ ጉድጓድ ተናደ፤ ያኛው ጨው ሆነ፤ እዚህ ደረቅ መሬት ላይ አዲስ ውሃ ወጣ እያልክ። የሚያምኑህ ሽማግሌው ከዳተኛ ሆነው እስከ ቀሩ ድረስ ነው።"

"ስማቸውስ?" አልኩ።

"ስም ከውሃ አይበልጥም" አሉኝ።

እሰሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። "መታሰር ለአንተ ዕረፍት ነው" ብለው አስወጡኝ። ካሚዮኖቹ ይሠራሉ፤ ሕዝቡ ያከብረኛል። ከዚህ የከፋ ቅጣት ያወቁልኝ አይመስለኝም።

ሽኩር

———

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1925 ዓ.ም.

ሽኩር፣

ጋሼ ዛሬ ተፈቱ፤ በነገው ባቡር ይመጣሉ። እግራቸው አብጧል፤ ጣቢያው ላይ በቅሎ ይቆያቸው። በካሚዮንህ አይሄዱም።

ሹሙ ያሉህን ነገር አልነገርኳቸውም። ከእኔ አፍ አይሰሙም። ልትነግራቸው የሚገባህ አንተ ነህ፤ በቤታቸው፣ ፊት ለፊት። ስማቸው እንደማይመለስላቸው የምትነግራቸውም አንተ ነህ። ይህን አልቀበልም ካሉና እውነቱ እንዲነገርላቸው ከፈለጉ፣ ሹሙ የፈለጉትን ያድርጉን፤ እኔ በገበያው መካከል ቆሜ እናገራለሁ።

መርዳሳ

———

አዳማ፣ ግንቦት 26 ቀን 1925 ዓ.ም.

መርዳሳ፣

አዎ፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ባለፈው የገበያ ቀን ወንድምህ በአጠገቤ ሲያልፉ ሰላም አላልኳቸውም። ፊቴን አዞርኩ። የነገረህ ሰው አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀንሶልኛል። ከመፍረድህ በፊት ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ስማ።

በመጡ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አዴ ቡዜ በሩ ላይ ነበሩ። ባላቸውን ያሳሰርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። እጠይቀዋለሁ ያሉትን አልጠየቁኝም። ከበሩ ዞር አሉና አሳለፉኝ፤ እስካሁንም አላናገሩኝም።

ለኦቦ ወዬሳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። እግራቸውን በቅቤ እያሹ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ "ተናገር ካሉኝ ነገ ገበያ መካከል ቆሜ እናገራለሁ፤ መርዳሳም ይህንኑ ብሏል" አልኩ።

"ቆይ" አሉኝ። "ያ ፈረንጅ የውሸቱን ወረቀት ተቀብሏል?"

"ሁለት ጊዜ ተቀብሏል።"

"አምኗል?"

"አምኗል። የእርስዎ ጉድጓድ ተናደ ብዬ ጽፌለታለሁ፤ በካርታው ላይ ሰርዞታል። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"አንተ ብትናገር ይሰማል?"

"በሳምንት ውስጥ።"

ቅባቱን በጨርቅ ጠረጉ። "እንግዲህ ዝም በል" አሉኝ። "እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ስሜን ይዤ የምሄድበት ሩቅ የለም። ከብቶቼ እንደሆኑ ባለቤታቸው ከዳተኛ ነው ብለው ውሃ አይተዉም።" ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። "ደግሞ ውሸቱን አሳምረው። ምን ምን ብለህ ጻፍክ? አንብብልኝ።"

አነበብኩላቸው። "ይኼ አያዋጣም፤ በዚህ አፈር ውሃ እንደማይገኝ አህያም ያውቃል። ከጥቁሩ ድንጋይ በስተ ምሥራቅ አድርገው። ጥልቀቱን ሦስት ሰው በለው፤ ቅርብ ነው ብለው ይምጡ" እያሉ አስተካከሉት። እስከ ከሰዓት በኋላ አብረን የሌለ ውሃ ስንቆፍር ዋልን። ልሄድ ስነሣ ክንዴን ያዙኝ።

"በገበያ ስታገኘኝ እንደ ሌላው ሰው ሁን። ካሚዮንህን እንዲነዳ ፈረንጁ የላከው ሾፌር ዓይኑ ከአንተ አይነቀልም። ሰው ሁሉ ሲተፋብኝ አንተ ብቻ ጎንበስ ብለህ እጅ ብትነሣ ይጠረጥራል።"

"አልችልም" አልኩ።

"ጉድጓዱን ስትነግረው ችለሃል" አሉኝ። የተናገሩኝ ክፉ ቃል ይህ ብቻ ነው።

ገበያው ላይ የሆነው እንዲህ ነው። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሾፌሩ ካሚዮኑ ላይ ተደግፎ ሸንኮራ ይበላል። ኦቦ ወዬሳ በበትራቸው እየተደገፉ በጨው ተራ በኩል መጡ። አንዱ ጨው ሻጭ፣ "ኦቦ ወዬሳ፣ ዛሬስ ውሃውን ለማን ሸጡት?" አላቸው፤ ሰው ሳቀ። አንዲት ሴት እንስራዋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ዓይናቸው እንዳያርፍበት። በ1918ቱ ድርቅ ሁለት ቀን ሙሉ እሳቸው ያጠጧቸው ሰዎች ናቸው።

እሳቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ወደ እኔ ተጠጉ። ሾፌሩ ማኘኩን አቆመ። ሁለት ክንድ ያህል ሲቀርቡኝ ዓይናቸውን አየሁ፤ "እንዳልኩህ አድርገው" ይለኛል። ፊቴን ወደ ሱቁ አዞርኩ። ይህም አልበቃ ብሎኝ፣ ሾፌሩ እንዲያይ፣ መሬት ላይ ተፋሁ።

መርዳሳ፣ ፊቴን ማዞሬን እሳቸው አዝዘውኛል፤ መትፋቱን ግን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በአጠገቤ ሲያልፉ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ "ጎሽ" አሉኝ።

ሽኩር